አመድማ ነጠላ

«አትዙሪ» አለች ፊልሞና። «ዝም ብለሽ ሂጂ። እኔን ጋርጂኝ።»

ሀውላ ግን ዞረች። አትዙር ተብሎ የማይዞር ሰው ያለው መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው።

ሾላ ገበያ እንደ ወትሮው ተተራምሷል። ረዳቶቹ «መገናኛ! ካራ! ካራ የቀረ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ኩንታሉን በሰው ትከሻ ላይ ያሳልፋል። ከበርበሬ ተራው ጫፍ ላይ ሁለት ሴቶች ጎመን ከምረው ተቀምጠዋል። አንዷ አሮጊት ናቸው፤ ሌላዋ ገና ወጣት ናት፣ ሕፃን አዝላለች። ሁለቱም አመድማ ነጠላ እስከ ቅንድባቸው ድረስ ተከናንበዋል። ከሌላው ገበያተኛ የለያቸው እሱ ነው። ዙሪያቸው ሰው ሁሉ እየተሳደበ እየሳቀ ይሸጣል፤ እነሱ ዝም ብለው ይሸጣሉ።

ፊልሞና ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ተለጥፋ የሀውላን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።

«ምንድን ናቸው?»

«ምንም።»

«ዘመዶችሽ ናቸው እንዴ?»

«ሀውላ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንሂድ» አለች ጴንጤዋ ልጅ። ሌላ ቀን ቢሆን ሀውላ ትስቅባት ነበር።

ታክሲ ውስጥ ገብተው ወደ ሰፈራቸው ወደ መሪ ሲሄዱ ፊልሞና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ወደ ውጭ ታያለች። ጥርሷ ሲያማት እንዲህ ነው የምታደርገው። ጥርሷ ደግሞ የሚያማት ሲጨንቃት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአማርኛው መምህር በአባይነህ ፕሮጀክት ነው። «የቅርብ ሰው ምረጡና ያሳለፈውን ሕይወት ጻፉ» አሉ። «ጠይቁ፣ አጣሩ፣ ቦታው ድረስ ሂዱ። የተመረጠው ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ይነበባል፤ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራምም ይለቀቃል።»

ሀውላ ይህን ስትሰማ የዓምናው ትዝ አላት። ዓምና ድርሰቷን ለእኚሁ መምህር ስታስረክብ አንብበው ጨርሰው ከመነጽራቸው በላይ አይተዋት «ጥሩ ነው፤ ማን ጻፈልሽ?» ብለዋታል። ክፍሉ ሳቀ። የታክሲ ሹፌር ልጅ ጥሩ ነገር ስትጽፍ የጻፈላት ሰው ይፈለጋል። የኢንጂነር ልጅ ሲጽፍ ግን በደሙ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያልደረሰባቸው ናቸው። ስለዚህ ዘንድሮ ማንም ሊጽፍላት የማይችለውን ነገር ልትጽፍ ወሰነች። ፊልሞናን።

ፊልሞና ፈቅዳለች፤ የፈቀደችው ግን ግማሽ ገጽ ነው። «ጫካ ውስጥ አደገች በይ። ብዙ እናቶች ነበሯት በይ። ከዛ አራት ነጥብ።»

ግን ደግሞ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት አብሮ የተቀመጠ ሰው ከሚፈቅደው በላይ ያወራል። ፊልሞና ያደገችው ከካራ በላይ፣ እንጦጦ ጋራ ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አንድ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው የአባ ኤጀታ ነው። አባ ኤጀታ ድሮ ከቤተ ክርስቲያናቸው ተጣልተው፣ «ጌታ ለብቻዬ ተናግሮኛል» ብለው የተከተላቸውን ሰው ይዘው ጫካ የገቡ ሰው ናቸው። ሚስቶቻቸው ብዙ ናቸው። ልጆቹ ሁሉንም «እማ» ይላሉ፤ ማን ማንን እንደወለደች ለልጅ አይነገርም፤ መጠየቅም ኃጢአት ነው። ሲመሽ ከግቢው ቁልቁል የአዲስ አበባ መብራት ይታያል። ልጆቹን አጥሩ ጋ አሰልፈው ያሳዩአቸዋል። «ሲኦል ማለት ያ ነው» ይሏቸዋል። «ሲነድ አያችሁት?»

ሀውላ ይህን ቤት ውስጥ ስታወራ አያቷ ሐቢባ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙ። ሐቢባ ራሳቸው በወጣትነታቸው ጣውንት ነበረባቸው። የክፍሏ ወንዶችም በዚሁ ነገር ሀውላ ላይ ሙድ ይይዙባታል። «አባትሽ ሁለተኛዋን መቼ ነው የሚያመጣው?» ይሏታል።

«እኔ ጣውንቴን አልወዳትም ነበር» አሉ ሐቢባ። «እሷም አትወደኝም። ግን ቤቷን አውቃለሁ፤ ልጆቿ የማን እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል። ልጅ ከእናቱ የሚደበቅበት ቤት እኔ ሰምቼ አላውቅም። ይሄ ትዳር አይደለም፤ እስር ቤት ነው። ተይው ልጄ፣ አትነካኪው።»

ሀውላ አልተወችውም። እናቷን ላገኝላት ነው አለች ለራሷ። ግማሹ እውነት ነበር። ሰውን ገደል የሚከተው ሙሉው ውሸት አይደለም፣ እንዲህ ያለው ግማሽ እውነት ነው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ብቻዋን ሾላ ወረደች። ሁለቱ ሴቶች እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። አሮጊቷ ሌላ ጆንያ ሊጎትቱ ዘወር እስኪሉ ጠበቀችና ወጣቷ ሴት ፊት ቁጢጥ አለች።

«እትዬ፣ ፊልሞና የምትባል ልጅ ያውቃሉ? የኔ እኩያ ናት።»

የሴትየዋ እጅ ጎመኑ ላይ ቀረ። ግራ እጇ ከጣቶቿ ጀምሮ እስከ ክርኗ ድረስ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ነው። ወደ አሮጊቷ አየች፤ ከዚያ ትከሻዋን ዘወር አድርጋ ያዘለቻትን ሕፃን አሳየቻት።

«ፊልሞና ይቺ ናት» አለች። «ሌላ የለንም።»

ሕፃኗ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ቅንድቦቿ መሐል ላይ ገጥመዋል፤ ልክ እንደ ፊልሞና። ሴትየዋ ጎመኑን ማሰር ጀመረች፤ ያሰረችውን ፈትታ እንደገና ታስራለች። አንገቷን ሳታቀና፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ ጠየቀች፦

«ጥርሷ… አሁንም ያማታል?»

«ኧ?»

«ምንም።»

አሮጊቷ ተመልሰው ነበር። «ምን ትላለች?»

«ጎመን ነው።»

አሮጊቷ ሀውላን ከሂጃቧ እስከ ጫማዋ አዩዋት። ተቆጡ እንዳይባል ፈገግ ብለዋል። አጎንብሰው የሹራቧን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

«ደህና ሹራብ ነው። ይሞቃል ልጄ?»

«አዎ እማማ።»

«ብርዱ ለኛ ለጋራ ሰዎች ክፉ ነው። የት ነው እንዲህ ያለው የሚሸጠው?»

«አይሸጥም፤ የትምህርት ቤት ነው። የመሪው።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ሀውላ የሰማችው።

«እግዜር ያሳድግሽ» አሉ አሮጊቷ፤ እጅጌዋን ለቀቁላት።

ቅዳሜና እሑድ ጻፈች። እጇ እስኪዝል ጻፈች። መብራቱን፣ አጥሩን፣ አመድማውን ነጠላ፣ የሕፃኗን ቅንድብ፣ ሁሉንም። ስትጽፍ ደስ አላት፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ሰኞ ጠዋት አስረከበች። መምህር አባይነህ በዕረፍት ሰዓት ቢሮ አስጠሯት።

«ይሄ ደም ያለው ጽሑፍ ነው!» አሉ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ። «የሹፌር ልጅ ሆነሽ እንዲህ መጻፍሽ ይገርማል። ነገ አንቺ ነሽ የምታነቢው። ማታውኑ ቻናሉ ላይ እለቀዋለሁ።»

«የልጅቷን ስም እንቀይረው፣ መምህር።»

«ስሙን ቀይሪው። እንጦጦን ግን እንዳትነኪብኝ። ደሙ እሱ ላይ ነው ያለው።»

ደስታ እያንሳፈፋት ወደ ክፍል ወጣች። ፊልሞና ቀርታለች፤ ጥርሷን አሟታል አሉ። ሀውላ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችና ቁልቁል አየች። ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ፣ ሞባይል ካርድና ማስቲካ ብቻ በሚሸጥበት ቦታ፣ አንዲት አሮጊት ላስቲክ አንጥፈው ጎመን ይሸጣሉ። አመድማ ነጠላ ተከናንበዋል። ገዢ ሲመጣ እንኳ ዓይናቸውን ከበሩ አይነቅሉም።

ማንሳፈፉ ቀረ። ሀውላ እስከ ከሰዓት ምን እንደተማረች አታውቅም። እኔን ነው የሚጠብቁት አለች። እኔን ተከትለው እሷ ጋ ሊደርሱ ነው።

ሲለቀቁ በትልቁ በር አልወጣችም። በጀርባ፣ የኬጂ ልጆች በሚወጡበት በር፣ የአንዷ ሕፃን ታላቅ እህት መስላ ወጣች። ፊልሞና ከአክስቷ ከአፀደ ጋር የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ሩቅ አይደለም፤ ሮጠች። አፀደ ናት በሩን የከፈተችላት። እዚያው ሰፈር አንዲት ቸርች ውስጥ የምትሠራ፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ የማይሰማ ሴት ናት። በእንጦጦ በኩል ያለው መስኮት ላይ ሁልጊዜ ብርድ ልብስ የተሰቀለ ነው። ሀውላ እስከ ዛሬ ለፀሐይ ይመስላት ነበር።

ቆማ ተናገረችው። ሾላን፣ ሹራቡን፣ የመሪውን ማለቷን፣ ጽሑፉን፣ በሩ ላይ ያሉትን ሴትዮ። ፊልሞና አልጋው ላይ ጉንጯን በሻርፕ አስራ ተቀምጣለች።

«በዩኒፎርም ሄድሽ?» አለች አፀደ።

«አዎ።»

«ለምን ብለሽ?»

«ለፕሮጀክቱ… እናቷንም ላገኝላት…»

«ለማርክ» አለች አፀደ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ፊልሞና ግን ሌላ ነገር ነው የያዘችው። «ሕፃኗን ፊልሞና ናት አለችሽ?»

«አዎ።»

«ስሜን ሰጧት ማለት ነው።»

«እንዴት ስምሽን?»

የመለሰችው አፀደ ናት። «እዚያ ግቢ ጥሎ የወጣ ሰው ሞተ ይባላል። ይለቀስለታል፤ አጥሩ ሥር አንድ ባሕር ዛፍ ይተከልለታል። ስሙ ደግሞ ቀጥሎ ለሚወለደው ይሰጣል። ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ስሙ ተይዟል።»

ሀውላ አፀደን አየቻት። «እርስዎ ይሄን እንዴት አወቁ? ፊልሞና ነገረችዎት?»

«እኔም ፊልሞና ነበርኩ» አለች አፀደ። «አፀደ ራሴ ያወጣሁት ስም ነው። አክስቷ አይደለሁም። ጎመን እየገዛሁ ነው ያገኘኋት። ሁልጊዜ ከእነሱ ነበር የምገዛው፤ ስሜን ይዛ የመጣችውን ልጅ ለማየት። አንድ ቀን ይዘዋት ወረዱ። እሷ ናት የተከተለችኝ፤ እኔ አልጎተትኳትም። በሩ ላይ ያሉት ዳርቱ ይባላሉ። የመጀመሪያዋ ሚስት። እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ግን ሞታለች ካሉ ለምን ይፈልጓታል?»

አፀደ ፊልሞናን አየቻት፤ ፊልሞና ፊቷን ወደ ብርድ ልብሱ አዞረች።

«ለአባ ኤጀታ ወንድም ተሰጥታ ነበር» አለች አፀደ። «በአሥራ ሦስት ዓመቷ። የተሰጠ ነገር አይቀርም ይላሉ፣ የሞተም ቢሆን።»

«ፖሊስስ?»

«ያልሄድኩበት ቢሮ የለም። አንዱ የሃይማኖት ጉዳይ ነው ይላል፤ አንዱ በሽማግሌ ጨርሱት ይላል። ሻይ ጋብዞ የሚሸኝሽም አለ።» ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። «ነገ ከሰዓት እንለቃለን። ዕቃ የሚጭንልን ሰው ብቻ ነው የምፈልገው።»

«አባቴ ይጭንላችኋል» አለች ሀውላ። «የት ነው የምትሄዱት?»

«አልነግርሽም» አለች ፊልሞና። በጥላቻ አይደለም ያለችው፤ ስለ በር ቁልፍ እንደሚወራ ነው ያለችው። ሀውላ ይህንን ነው ኋላ ስታስበው የምትውለው።

ሀውላ ወጥታ ደረጃው ላይ ስትደርስ ፊልሞና ተከትላት ወጣች።

«ጎመን የምታስረዋ… ሌላ ምን አለች?»

«ጥርሷ አሁንም ያማታል ወይ አለችኝ።»

ፊልሞና የደረጃውን ብረት ያዘች። «ግራ እጇ ላይ ጠባሳ አላት?»

«አዎ። እስከ ክርኗ።»

«ሲያመኝ ተደብቃ ቅርንፉድ ታደርግልኝ ነበር። እሷ እንድትሆን እጸልይ ነበር፤ ታውቂያለሽ? ከሁሉም እሷ እንድትሆን።» ሻርፑን ጉንጯ ላይ አጠበቀች። «በይ ሂጂ፣ ሀውላ። ላሽ በይ።» በሩ ተዘጋ።

ማታ አባቷ ሳልህ እጁን እየታጠበ ሳለ ጎኑ ቆመች። «አባባ፣ ነገ ከሰዓት ዕቃ የሚጫንላቸው ሰዎች አሉ። ማንም ማወቅ የለበትም።»

«ምን ሠርተሽ ነው?»

«መጥፎ ነገር።»

ሳልህ ፎጣውን ፈልጎ እጁን አደረቀ። የሰው ሁሉ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ሲወርድ የሚውል ሰው ነው፤ ቤቱ ሲገባ ብዙ አይጠይቅም። «ስንት ሰዓት?» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሀውላ መምህር አባይነህ ቢሮ ገብታ «ትንሽ ላርመው» ብላ ወረቀቶቹን ተቀበለች። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቀዳደደቻቸው። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ በፊት እንደዚያ ጽፋ አታውቅም። ስለ መብራቱ የጻፈችውን ገጽ አንዴ አነበበችው፤ ከዚያ እሱንም ቀደደችው።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተጠራች። «ሀውላ ሳልህ! ነይ ውጪ፤ አንብቢልን።»

ባለችበት ቆመች። «የለኝም፣ መምህር።»

«ምን ማለት ነው የለኝም? ጠዋት ወሰድሽው አይደል?»

«ቀደድኩት።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «ፋራ ናት እኮ!» አለ። መምህር አባይነህ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ ያ የዓምናው ፈገግታ ተመልሶ መጣ።

«ገባኝ» አሉ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። የጻፈልሽ ሰው ነው አይደል መልሺልኝ ያለሽ?»

ሁሉም ሳቀ። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቆማ ብታነበንብላቸው መነጽራቸው ከእጃቸው ይወድቅ ነበር። መስኮቱን አየች። አመድማዋ ነጠላ ከበሩ ማዶ እንደተቀመጠች ናት።

«አዎ፣ መምህር» አለችና ተቀመጠች።

«ዜሮ» አሉ፤ እየጻፉም እየተናገሩም።

ደወሉ ሲደወል በትልቁ በር ወጣች። ልጆቹ መሐል አልተደበቀችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ጎመኑ ሄደች።

«እንደምን ዋሉ እማማ።»

«ደህና፣ ልጄ።» ዳርቱ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። ከቅርብ ሲያዩዋቸው የደከሙ አሮጊት ናቸው፤ ከጋራው እስከዚህ የወረዱበት አቧራ እግራቸው ላይ አለ። «ያቺ ጓደኛሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እሷ ጋ ነው የምሄደው።»

ዞር ብላ ሳታይ ወደ ታክሲው አመራች። ረዳቱ «መገናኛ፣ የሞላ!» ይላል፤ ሁለት ሰው ይቀረዋል። ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ከኋላዋ የጫማ መጎተት ሰማች፤ ዳርቱ ጎመኑን ላስቲኩ ላይ እንዳለ ትተውት ነው የመጡት። ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ሀውላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጋ አለችላቸው።

«ሩቅ ነው፣ ልጄ?»

«ሩቅ ነው፣ እማማ። መገናኛ ወርደን ሌላ እንይዛለን። ከዚያም ሌላ።»

ታክሲው ተነሣ። በተቃራኒው መንገድ አንድ ሚኒባስ ጣሪያው ላይ ፍራሽ ታስሮበት እየመጣ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለየችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ማታ ማታ በር ላይ ሆና የምትጠብቀው ድምፅ ነው። ጎናቸው ላይ ሲደርስ ዳርቱን «ጎመኑ እንዳይሰረቅብዎት እማማ» አለቻቸው፤ አሮጊቷ ወደ እሷ ዞሩ።

ሚኒባሱ አለፈ። ሀውላ አልዞረችም።